በጥንት ሙጫ ውስጥ የቀሩ ጢንዚዛዎች እንዴት ይመደባሉ?

ፊደል ስንማር መጀመሪያ ያስቸገረን ምን ነበር? የፊደሎቹ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መመሳሰላቸውም ነበር። «ሰ» እና «ሸ» አንድ ይመስላሉ። ከላይ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ያላስተዋለ ሰው «ሸማ» የሚለውን «ሰማ» ብሎ ያነባል። «ደመረ» እና «ጀመረ»ም እንደዚሁ ናቸው። አንዲት ጭረት ቃሉን ትለውጠዋለች፤ ቃሉም የአረፍተ ነገሩን ሐሳብ ይለውጠዋል።

እኔ በማስተምርበት የማታ ክፍል አንድ ሽማግሌ አባት በዚህ ነገር ብዙ ተቸገሩ። ቃሉን ገና ከሩቅ ሲያዩት ይገምቱና ቶሎ ብለው ያነቡታል፤ ይሳሳታሉም። አንድ ማታ ግን ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ አስጠጉና ጣታቸውን በፊደሉ ላይ አሳርፈው፣ «ቆይ ልጄ፣ አታስቸኩለኝ። መጀመሪያ ራሱን ልየው፤ ቀጥሎ እግሩን» አሉኝ። ከዚያን ማታ ወዲህ ስሕተታቸው እያነሰ ሄደ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለዘመቻ የወጣሁ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። እኒህ አባት ያሉት ነገር አንድ መምህሬ ስለ ጢንዚዛ ካስተማሩኝ ጋር አንድ ሆነብኝ። ስለዚህ በዛሬው ንባባችን፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በዛፍ ሙጫ ተይዘው የቀሩ ጢንዚዛዎችን ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚለዩና እንደሚመድቡ እናያለን። ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ግን ፊደል የለየ ሰው የመንገዱን እኩሌታ ሄዷል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሙጫው

ጥድ በመጥረቢያ ሲቆስል ከቁስሉ የሚያጣብቅ ነገር ይወጣል። የዕጣን ዛፍም ሲፋቅ እንዲሁ። ሙጫ ለዛፉ የቁስሉ መድኃኒት ነው፤ ቁስሉን ይሸፍናል፣ ነፍሳትንም ይከላከላል። በግንዱ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ወይም ያረፈ ትንሽ ጢንዚዛ እግሩ ከተያዘ አያመልጥም። ሌላ ሙጫ ከላይ ይፈስበትና ይሸፍነዋል።

ግን ሙጫ ሁሉ አንድ አይደለም። የግራርን ሙጫ ውኃ ውስጥ ብታስቀምጡት ይሟሟል። ዝናብ ያጥበዋልና ብዙ ዘመን አይቆይም። በውኃ የማይሟሟው ሙጫ ግን ከዛፉ ወድቆ በደለል ሊቀበር ይችላል። ከላይ አፈር እየተጫነው፣ ዘመን እየተቆጠረ ሲሄድ ይደርቃል፣ ይጠነክራልም። ዕድሜው ገና ከሆነ ኮፓል ይባላል። ሚሊዮን ዓመታት ቆይቶ ፈጽሞ ሲጠነክር አምበር ይባላል። አምበር መልኩ ብዙ ጊዜ እንደ ማር ነው። በውስጡ የተያዘው ፍጡርም ከነጸጉሩ፣ ከነእግሩ ይታያል።

አምበር በብዙ አገር ይገኛል። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ያለው ከ34 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ያለው ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። በሰሜን ምያንማር ካቺን በሚባለው ክፍል ያለው ወደ 99 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የሊባኖሱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ሙጫውን መመርመር ነው። እውነተኛ አምበር በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጨው በብዛት በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ግን ይንሳፈፋል። ከአምበር ጋር የሚመሳሰሉ ብዙ የፕላስቲክ ዶቃዎች በጨው ውኃም ይሰምጣሉ። ኮፓል ንጹሕ አልኮል ጠብ ሲደረግበት ላዩ ይለሰልስና ጣት ይይዛል፤ አምበር ግን እንዲህ አይሆንም።

ይህን ምርመራ ማቃለል አይገባም። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ1922 የገባ አንድ የባልቲክ አምበር ነበር። በውስጡ ዝንብ አለ። በ1966 አንድ ታላቅ የዝንብ ሊቅ መርምረውት፣ ዝንቡ ዛሬ በየሽንት ቤቱ ከሚገኘው ዝንብ ጋር አንድ ዓይነት ነው ብለው ጻፉ። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ያልተለወጠ ዝንብ ማለት ነው። ነገሩ ብዙ ሰው አስደነቀ። በ1993 ግን ሌላ ተመራማሪ አምበሩን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የተጣበቀበት መስመር ታያቸው። ለካስ አንድ አታላይ አምበሩን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን ቦርቡሮ፣ የዘመኑን ዝንብ አስቀምጦ መልሶ አጣብቆት ኖሯል! ሊቁ ዝንቡን በትክክል ለይተዋል። የተሳሳተው የተቀመጠበት ቤት ነው።

2. ጢንዚዛ ምንድን ነው?

ጢንዚዛ 6 እግር ያለው ነፍሳት ነው። ሰውነቱ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በ3 ይከፈላል። ይህ ግን በንብም በዝንብም አለ። ጢንዚዛን የሚለየው የፊት ክንፉ ነው። የፊት ክንፎቹ ጠንክረው እንደ ሰገባ ሆነዋል። ጎራዴ በሰገባው እንደሚገባ፣ የሚበርበት ስስ ክንፍ ከሥራቸው ታጥፎ ይቀመጣል። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ይህን አይቶ «ሰገባ ክንፍ» የሚል ስም ሰጣቸው። ኮሊዮፕቴራ የሚለው የዛሬው የሳይንስ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው።

በረሮን ከጢንዚዛ የሚያምታቱ አሉ። በረሮ ክንፉ እንደ ነጠላ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። የጢንዚዛ ሰገባዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጀርባው መካከል በቀጥታ መስመር ይገጥማሉ። እስቲ ነገ አንድ ጢንዚዛ ያዙና ይህን መስመር ተመልከቱ።

እስከ ዛሬ ስም የተሰጣቸው የጢንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ ዝም ብሎ መደርደር አይቻልም። ስለዚህ በደረጃ ይመደባሉ። የቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች በአንድ ወገን ይገባሉ፤ ወገኖች በአንድ ቤተሰብ ይሰበሰባሉ፤ ቤተሰቦችም በላያቸው ባለው ክፍል ይጠቃለላሉ። የእንስሳት የሁለት ቃል ስም አሰጣጥ የሚቆጠረው የስዊድኑ ካርል ሊኒየስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን። በጢንዚዛ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የወገኑ ስም ይቀድማል፣ የራሱ ይከተላል።

3. ከጎተራ እንጀምር

በአንድ ትምህርት ላይ ይህን ስናገር አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ነቀዝ ነቀዝ ነው፤ እህል ከበላ ምን ልዩነት አለው?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በጎተራው ውስጥ ነው።

በእህል ውስጥ የምናገኛቸውን ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ብዙዎቻችን በደፈናው ነቀዝ እንላቸዋለን። በአጉሊ መነጽር ስናያቸው ግን ይለያያሉ። አንዱ አፉ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት ሾሏል። በራሱ ላይ ያሉት ሁለት መዳሰሻዎችም እንደ ሰው ክንድ በክርኑ ላይ የታጠፉ ናቸው። እውነተኛው ነቀዝ ይህ ነው። እንስቷ የእህሉን ፍሬ በዚህ ሹል አፍ ትበሳለች፣ ዕንቁላሏን በቀዳዳው ታኖራለች፣ ቀዳዳውንም ትደፍነዋለች። ትሉ ፍሬውን ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ፍሬው ደኅና ይመስላል።

ሌላው ቡናማና ጠፍጣፋ ነው፤ ኩምቢ የለውም። ይህ የዱቄት ጢንዚዛ ነው። ደኅናውን ፍሬ መብሳት ያቅተዋል፤ የሚኖረው በዱቄትና በስባሪ ላይ ነው። እንግዲህ እህሉን አበጥሮ ስባሪውን ማውጣት የዱቄቱን ጢንዚዛ ይጎዳዋል። በደኅናው ፍሬ ውስጥ የተደበቀውን የነቀዝ ትል ግን ማበጠር ብቻውን አያወጣውም። ሁለቱን ሳይለይ የሚደክም ሰው ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ስለ መለየት ከተነሣ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ቡናማ ጢንዚዛ ተሰጠኝና ቤተሰቡን ለይተህ በካርድ ጻፍ ተባልኩ። መልኩን አየሁ፣ ቁመቱን ለካሁ፣ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያየሁና ቶሎ ጻፍኩ። መምህሬ ካርዱን አዩና «የኋላ እግሩን ቆጥረሃል?» አሉኝ። የፊቱን ቆጥሬ ነበር። የኋላውንም እንደ ፊቱ ነው ብዬ ሳልቆጥር ጽፌዋለሁ። «ያላየኸውን ጻፍክ ማለት ነው» አሉኝ። ካርዱን መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጢንዚዛ እግር ጫፉ፣ መሬት የሚረግጥበት ክፍል፣ እንደ ሸምበቆ አንጓ አንጓ አለው። እኛ እዚህ መርገጫ እንበለው። በብዙ ጢንዚዛዎች የፊቱ፣ የመካከሉና የኋላው መርገጫ እያንዳንዱ 5 አንጓ አለው። ይህ 5-5-5 ተብሎ ይጻፋል። በሌሎች ላይ ግን የፊቱ 5፣ የመካከሉ 5፣ የኋላው 4 ነው፤ 5-5-4 ይባላል። የዱቄት ጢንዚዛ ከነዚህኞቹ ነው፤ ለእኔ የተሰጠኝም እንደዚሁ ነበር። በኋላ እግር ያለችው አንዲት አንጓ መጉደሏ ቤተሰቡን ለወጠችው። ከ«ሰ» እና ከ«ሸ» በምን ይለያል?

በነቀዝ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሲያዩት መርገጫው 4 አንጓ ይመስላል። ሲመረምሩት ግን በሦስተኛው አንጓ ውስጥ የተሸሸገች በጣም ትንሽ አንጓ አለች፤ ስለዚህ 5 ነው። መቁጠር ብቻ ሳይሆን አስተውሎ መቁጠር ያስፈልጋል።

መልክና ቁመትስ? እነሱ ቀላል ምስክሮች ናቸው። መልክ በዘመን ብዛት ይለወጣል፤ ቁመት በምግብ ያንሳል፣ ይበዛል። የአንጓ ቁጥር፣ የመዳሰሻ ቅርጽ፣ የአፍ አሠራርና የሆድ ሰሌዳዎች አቀማመጥ ግን የተሻሉ ምስክሮች ናቸው። ለምሳሌ በአንዳንድ አዳኝ ጢንዚዛዎች የኋላ እግር ሥር የሆድን የመጀመሪያ ሰሌዳ ለሁለት ይከፍለዋል። ይህ ምልክት ብቻውን ከ4ቱ ታላላቅ የጢንዚዛ ክፍሎች የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል።

4. በአምበር ውስጥ ሲሆን

በእጅ የተያዘን ጢንዚዛ ገልብጦ ማየት ይቻላል። በአምበር ያለውን ግን መገልበጥ አይቻልም። እግሩ ከሆዱ ሥር ታጥፎ ሊሆን ይችላል። የአየር አረፋ ራሱን ይሸፍነዋል። በባልቲክ አምበር ብዙ ጊዜ ነጭ ነገር እንደ ሻጋታ ይጋርደዋል። አምበሩ ራሱም ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ተመራማሪው አምበሩን በጥንቃቄ ይቆርጣል፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ እንደ መስታወት እስኪሆን ይወለውላል። ትንሽ ከበዛ እግሩን ይዞት ይሄዳልና እጅ መርጋት አለበት። ቀጥሎ በግሊሰሪን ወይም በስኳር ሽሮፕ ይሸፍነዋል። ወረቀት ዘይት ሲነካው ከጀርባው ያለውን እንደሚያሳይ ሁሉ፣ ፈሳሹ የአምበሩን ጭረት ይሞላና ብርሃን ሳይበተን እንዲያልፍ ይረዳል። ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ይስላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል።

ይህም ካላዋጣ ራጅ አለ። ሐኪም የተሰበረ አጥንት በራጅ እንደሚያይ፣ ተመራማሪውም አምበሩን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ብዙ የራጅ ምስል ያነሣል። ምስሎቹ በኮምፒዩተር ሲገጣጠሙ ጢንዚዛው አምበሩ ሳይሰበር ከየአቅጣጫው ይታያል። የታጠፈው እግር በምስል ይቆጠራል።

አዲስ ዝርያ ሆኖ ከተገኘ መግለጫው ከስሙ ጋር ይታተማል። የተገለጸበት ያው ጢንዚዛ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል። ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው መጥቶ «እስቲ እኔም ልቁጠረው» ለማለት መቻል አለበት።

5. አበባ ላይ የነበረው ጢንዚዛ

በ2019 ተመራማሪዎች ከካቺን የተገኘ አንድ አምበር ውስጥ ስላለ ጢንዚዛ ጻፉ። ስሙን አንጂሞርዴላ በርሚቲና አሉት። ጀርባው ጎባጣ፣ የሆዱ ጫፍ ሹል ነው። እንዲህ ያለ አካል ያላቸው የአበባ ጢንዚዛዎች ዛሬም አሉ፤ ሲነኳቸው እየተገለባበጡ ይወድቃሉ። የዚህ ቤተሰብ የመርገጫ ቁጥር 5-5-4 ነው። አዎን፣ ከዱቄት ጢንዚዛ ጋር አንድ! ሁለቱ ቤተሰቦች ከቤተሰብ በላይ ባለው ደረጃ በአንድ ክፍል የሚገቡ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። በጎተራችን ያለው ትንሽ ጠላት በ99 ሚሊዮን ዓመት አምበር ውስጥ ዘመድ አለው ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ቀርበው ሲያዩ በጢንዚዛው ሰውነትና በዙሪያው ደቃቅ ቅንጣቶች አገኙ። 62 የአበባ ብናኞች ነበሩ። አፉም የአበባ ብናኝ ለመብላት የሚመች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ይህ ጢንዚዛ አበባ ለአበባ እየዞረ ብናኝ ያደርስ ነበር ብለው ደመደሙ። ነፍሳት የአበባ ተክሎችን እንደሚያራቡ የሚያሳየው ቀጥተኛ ማስረጃ ቀድሞ ከሚታወቀው በ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ።

ልብ በሉ፤ ቤተሰቡ ባይለይ ኖሮ ብናኙ ብቻውን ብዙ አይናገርም ነበር። ብናኝ በነፋስም ይመጣል። ጢንዚዛው የአበባ ጢንዚዛ መሆኑ፣ የአፉ አሠራርና ብናኙ ሦስቱም አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው ነገሩ የሚታመነው።

6. የሊባኖሱ ነቀዝ

በ1993 ሌላ ዜና ወጣ። በሊባኖስ አምበር ውስጥ ከ120 እስከ 135 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው የተባለ የነቀዝ ዘመድ ነበር። የእርሱ ቤተሰብ መዳሰሻው ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ጎተራችን ነቀዝ በክርኑ አይታጠፍም። ስለዚህ ኩምቢ ቢኖረውም ከእኛው ነቀዝ ቤተሰብ አይገባም፤ የጥንት ዘመድ ነው። እስከዚህ ያለው በዓይን የታየ ነው።

ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ከዚህ አልፈው ከጢንዚዛው ዲ.ኤን.ኤ. አወጣን አሉ። ዲ.ኤን.ኤ. በሕያዋን ሁሉ ሴል ውስጥ ያለ፣ ዘር ከዘር የሚወርስበት ነገር ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ ዝምድናውን ለማወቅ አንጓ መቁጠር ባላስፈለገ። ግን ሌሎች ከአምበር ነፍሳት እንዲህ ያለውን ለማግኘት ቢሞክሩ አላገኙም። በ1997 በለንደን የተደረገው ጥንቃቄ የበዛበት ሙከራም አልተሳካም። የተገኘው ነገር ከውጭ የገባ የዛሬ ዘመን ብክለት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የጢንዚዛው ቅርጽ ግን ከነመዳሰሻው በዓይን የታየ ነው።

7. የማይታየው ሲያጋጥም

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። ከአንድ ደብዳቤ ላይ ቀለም ፈሰሰ እንበል። አንዱን ፊደል ስናየው የ«በ» ቅርጽ አለው፤ በቀኝ በኩል ግን ቀለሙ ሸፍኖታል። «ቡ» ነው ወይስ «ቢ»? ቅጥያው ከመካከል ይሁን ከእግሩ አይታይም። ታዲያ ምን እንላለን? «ከ‹በ› ዘር ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይታይም» እንላለን። ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። «ቡ» ነው ብሎ መድፈር ግን ያላዩትን መጻፍ ነው።

ጢንዚዛ መዳቢዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የኋላ እግሩ ከጠፋ፣ መዳሰሻው ከተሰበረ፣ እስከሚያውቁት ደረጃ ድረስ ይወስዱትና እዚያ ያቆሙታል። «ጢንዚዛ ነው፤ ክፍሉ ይህ ነው፤ ቤተሰቡ ለጊዜው አልተለየም» ብለው ይጽፋሉ። ነገ የተሻለ አምበር ሲገኝ ወይም የተሻለ ራጅ ሲመጣ ቦታውን ያገኛል።

ደግሞም አምበር ሁሉን አይነግረንም። ትልቅ ጢንዚዛ ጉልበት ስላለው እግሩን መንጭቆ ያመልጣል፤ ትንሹ ይያዛል። ከዛፍ ርቆ የሚኖረው እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በአምበር ውስጥ አላየንም ማለት በዚያን ዘመን አልነበረም ማለት አይደለም።

8. በአገራችንስ?

በአገራችንም አምበር አለ። በሰሜን ሸዋ በዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው ብዙ ነፍሳት ይዟል። ጉንዳን፣ ተርብ፣ ሸረሪት፣ ጢንዚዛም አለበት። በ2010 የብዙ አገር ተመራማሪዎች ስለዚህ አምበር ሲጽፉ ዕድሜውን ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ገመቱት። ታላቅ ነገር ነበር። በውስጡ ያለው ጉንዳን በአፍሪቃ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚ ነው ተባለ።

በኋላ ግን ጥያቄ ተነሣ። አምበሩና በውስጡ ያሉት ነፍሳት፣ የተገኘበት ደለል የያዘው የተክል ብናኝም እንደገና ተመረመሩ። የተገኘው መልስ ሌላ ሆነ። አምበሩ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የተፈጠረ ነው። ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ልዩነት ማለት ነው! በአምበሩ ውስጥ ስላሉት ፍጡራን የተጻፈው ሁሉ በአዲሱ ዕድሜ መሠረት እንደገና መታየት ነበረበት። «ቀዳሚው» የተባለው ጉንዳን ማዕረጉን አጣ።

ታዲያ የአገራችን አምበር ዋጋው ወደቀ? አልወደቀም። በአፍሪቃ ምድር ከዚያ ዘመን የቀሩ የአምበር ነፍሳት ጥቂት ናቸው። እነዚህ ጢንዚዛዎች ዛሬ በደናችን ካሉት ጋር አንጓ በአንጓ ቢነጻጸሩ የቱ ዘር እንደቀረ፣ የቱ እንደጠፋ ሊነግሩን ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ግን የዛሬዎቹን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የዛሬዎቹን የሚያውቅ ደግሞ በየጓሮው፣ በየግንዱ ሥር፣ በየጎተራው የሚኖረው ሰው ነው። ያየውን መጻፍ ከቻለ ምስክርነቱ ይቆያል።

በመጀመሪያ የነገርኳችሁ ሽማግሌ አባት ይህን ታሪክ ባነበብኩላቸው ማታ ዝም ብለው ቆዩ። በኋላ፣ «እነዚያ የተማሩት ሰዎች የጻፉትን ሰረዙት ማለት ነው?» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ ሰረዙት» አልኳቸው። እርሳቸው እስከዚያን ቀን የሚጽፉት በእስክሪብቶ ነበር፤ እርሳስ የልጅ ነው ይሉ ነበር። በማግሥቱ ከእኔ እርሳስና ላጲስ ጠየቁ። ወስደውም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ደብተራቸውን እንደገና መጻፍ ጀመሩ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።

1ኛ. የግራር ሙጫ ለምን አምበር ሊሆን አይችልም?
2ኛ. ጢንዚዛን ከበረሮ በምን ትለያላችሁ?
3ኛ. 5-5-4 ማለት ምን ማለት ነው?
4ኛ. በ1922 ወደ ሙዚየም የገባው ዝንብ ስሕተቱ የዝንቡ ነበር ወይስ የአምበሩ? አስረዱ።
5ኛ. በዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው አምበር ዕድሜ እንደገና ሲታይ ምን ተለወጠ?

ለ. ከጎተራችሁ ጥቂት ነቀዝ አምጡ። ኩምቢ ያለውንና የሌለውን ለዩ። መዳሰሻውን ተመልከቱ። ያያችሁትን ብቻ በ5 መስመር ጻፉ። ያልታያችሁ ነገር ካለ «አልታየኝም» ብላችሁ ጻፉ።

ሐ. ተወያዩበት። እህል ስታስቀምጡ ነቀዝንና የዱቄት ጢንዚዛን ለይቶ ማወቅ በምን ይጠቅማችኋል?